ከአየር ብክለት ጤናን የመጠበቂያ ዝርዝር መመሪያ፤ ከቅርቡ ጭስ መጀመር

ስለ አየር ብክለት ሲነሳ ብዙ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ሰማዩን ነው። አድማሱን የጋረደው ጭጋግ፣ ከፋብሪካ የሚትጎለጎለው ጭስ፣ መንገዱን የሞላው ተሽከርካሪ በእርግጥም የችግሩ ምንጮች ናቸው። ሳንባ ግን የሚያውቀው የሰማዩን መልክ ሳይሆን በዚያች ቅጽበት በአፍንጫ በኩል የገባለትን አየር ብቻ ነው፤ በዚህም ምክንያት በተዘጋ ክፍል ውስጥ የሚነድ አንድ ትንሽ ምድጃ፣ ከከተማው ዳር ከቆመ ትልቅ ፋብሪካ ይልቅ በክፍሉ ውስጥ ያለውን ሰው አብዝቶ ሊጎዳ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ከዓለም ሕዝብ 99 በመቶ የሚሆነው ድርጅቱ ካስቀመጠው መጠን በላይ የተበከለ አየር እንደሚተነፍስ ያስረዳል፤ በቤት ውስጥ ጭስ ሳቢያም እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 3.2 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ያለ ዕድሜያቸው እንደሞቱ ይገምታል።

አንድ ግለሰብ የከተማውን አየር ሊያጸዳ አይችልም፤ ያ የመንግሥታትና የኢንዱስትሪዎች ሥራ ነው። ራሱና ቤተሰቡ የሚተነፍሱትን የብክለት መጠን ግን በግልጽ መቀነስ ይችላል። የሚከተሉት እርምጃዎች ሆን ተብለው ከቅርብ ወደ ሩቅ ተደርድረዋል፤ ብዙዎች ከሁሉ አስቀድመው የሚገዙት ጭንብል እዚህ ወደ መጨረሻው አካባቢ የመጣውም በዚህ ምክንያት ነው።

በቅድሚያ፣ የምንተነፍሰው ምን እንደሆነ

በካይ ነገሮችን ብናኝና ጋዝ ብሎ ለሁለት ከፍሎ ማየት ለተግባር ይጠቅማል። ከብናኞች ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበው ስፋቱ 2.5 ማይክሮ ሜትር ወይም ከዚያ በታች የሆነው፣ በአየር ጥራት ዘገባዎች ላይ «ፒኤም 2.5» እየተባለ የሚጠራው ደቃቅ ብናኝ ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከ50 እስከ 70 ማይክሮ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ከእነዚህ ቅንጣቶች ሃያ ያህሉን በአንድ ፀጉር ውፍረት ላይ ጎን ለጎን መደርደር ይቻላል። ትልልቁን አቧራ አፍንጫና ጉሮሮ አብዛኛውን ጊዜ ይይዙታል፤ ደቃቁ ግን ከእነርሱ አምልጦ እስከ ሳንባ የአየር ከረጢቶች ድረስ ይዘልቃል፣ እጅግ ጥቃቅኑም ወደ ደም ሊሻገር ይችላል። የአየር ብክለት በሳል ብቻ ሳይወሰን ለልብ ሕመምና ለስትሮክ ጭምር የሚዳርገው ከዚህ የተነሣ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋምም እ.ኤ.አ. በ2013 የውጭ አየር ብክለትን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡ ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል።

ከጋዞቹ መካከል ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከሞተርና ከጋዝ ምድጃ ነበልባል ይወጣል፤ ኦዞን የተሽከርካሪና የፋብሪካ ጋዞች በፀሐይ ብርሃን ሲዋሃዱ ይፈጠራል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ማንኛውም ነዳጅ በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ይመነጫል። ይህን ክፍፍል ማወቅ የሚያስፈልገው፣ ለብናኝ የተሠራ ማጣሪያ ጋዝን ስለማያስቆም ነው። ጭንብል አጥልቆ ከሰል የሚጨስበት ክፍል ውስጥ መቀመጥ ከአንዱ አደጋ ጥቂት ያተርፍ ይሆናል፤ ከከፋው ግን ፈጽሞ አያድንም።

እርምጃ አንድ፦ የራስን ቀን መመርመር

ወደ ሰውነት የሚገባው የብክለት መጠን በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ አየሩ ምን ያህል እንደተበከለ፣ በዚያ አየር ውስጥ ምን ያህል ጊዜ እንደቆዩ፣ እንዲሁም ምን ያህል በኃይል እንደተነፈሱ። እንግዲህ ለአንድ ሳምንት ያህል የየቀኑን ውሎ በወረቀት ላይ ማስፈር ጥሩ መነሻ ነው። የት እንደተኙ፣ ምግብ በምን ነዳጅ እንደበሰለና ማን አጠገቡ እንደነበረ፣ በየትኛው መንገድ በስንት ሰዓት እንደተጓዙ፣ መቼ ራስዎን እንዳመመዎት ወይም እንዳሳለዎት ይጻፉ። ይህ ሥራ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ይሁን እንጂ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ ብክለት ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሁለት ወይም ሦስት አጫጭር ጊዜያት ሆነው ይገኛሉ። እነርሱን ለይቶ ማወቅ ገንዘብንም ድካምንም ይቆጥባል። ማስታወሻውን አይጣሉት፤ ወደ ሐኪም ቢሄዱም ያገለግልዎታል።

ሽታን ብቻ ማመን አይገባም። አፍንጫ አንድን ሽታ ለጥቂት ደቂቃዎች ካሸተተ በኋላ ይለምደዋል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከመነሻውም ሽታ የለውም።

እርምጃ ሁለት፦ በቤት ውስጥ የሚነደውን ማጥፋት ወይም ማራቅ

ከሁሉ የበለጠ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፤ ከመመሪያው አንድ እርምጃ ብቻ ለመፈጸም የሚችል ሰው ቢኖር ይህንኑ ይምረጥ። በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበት ወይም በኬሮሲን ለሚያበስል ቤተሰብ ወደ ኤሌክትሪክ መሸጋገር ከሁሉ ይሻላል፤ ይህ ካልሆነ ጋዝ ጥሩ አማራጭ ነው። በአንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መለወጥ ካልተቻለም ረዥም ሰዓት እሳት የሚፈልገውን ምግብ ብቻ በንጹሑ ምድጃ ማብሰል ትርጉም ያለው ቅነሳ ያመጣል።

ለጊዜው ከእንጨት መላቀቅ ካልተቻለ የሚደረግ ነገር አለ። እርጥብ እንጨት ሙቀቱን ውሃ በማትነን ስለሚጨርስ ብዙ ያጨሳል፤ ስለሆነም እንጨቱን ፈልጦ ዝናብ በማይነካውና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ለወራት ማድረቅ ያስፈልጋል። እሳቱ ከመኝታ ክፍል ተለይቶ፣ ቢቻል ከቤት ውጭ በጥላ ሥር ወይም ጭሱን ከጣሪያ በላይ በሚያወጣ ቱቦ ሥር መሆን ይኖርበታል። ድስቱን ከድኖ ማብሰል የእሳቱን ዕድሜ ያሳጥራል። ሕፃን በጀርባ አዝሎ ወይም አጠገብ አስቀምጦ ማብሰል ግን ጨርሶ ሊቀር ይገባዋል፤ ሕፃኑ ከክብደቱ አንጻር ከአዋቂ የበለጠ አየር ስለሚተነፍስ፣ ያው ጭስ ለእርሱ ብዙ ነው።

በጋዝ ወይም በኤሌክትሪክ የሚያበስሉም ቢሆኑ ነገሩ አይመለከተንም ሊሉ አይችሉም። ዘይት ሲግልና ሲያር ደቃቅ ብናኝ ይፈጥራል፣ የጋዝ ነበልባልም ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ከምድጃው በላይ የተሰቀለው አየር ማውጫ ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መሆኑን ያረጋግጡ፤ አንዳንዶቹ አየሩን በቀጭን ወንፊት አሳልፈው መልሰው ወደ ወጥ ቤቱ ይለቁታል። ማብሰል ከመጀመርዎ በፊት ይክፈቱት፤ ከጨረሱም በኋላ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ አያጥፉት። አየር ማውጫ ከሌለ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶችን ወይም አንድ መስኮትና በር መክፈት አንዱን ብቻ ከመክፈት እጅግ ይሻላል፤ አየር የሚንቀሳቀሰው መግቢያም መውጫም ሲያገኝ ነውና።

ስለ ከሰል ለብቻው መናገር ያስፈልጋል። ከሰል ሲቀላና ነጭ አመድ ሲለብስ ጭሱ ስለማይታይ «አሁን ጉዳት የለውም» የሚል እምነት አለ፤ እውነቱ ግን ያን ጊዜም ካርቦን ሞኖክሳይድ ማመንጨቱን አያቆምም። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የሌለው ሲሆን፣ በደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸካሚ ከሆነው ሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኃይል ይጣበቃል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ ኦክስጅን ያጣል ማለት ነው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ናቸው፤ እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ምልክቱን ሳያውቅ ሊሞት ይችላል። በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ከቤት ሲወጡ ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብሎ ከመተው በፊት ይህን መጠርጠር ይገባል። የተቀጣጠለ ከሰል ክፍል ለማሞቅ ተብሎ ወደ መኝታ ቤት ፈጽሞ አይገባም፤ መስኮት ገርበብ ማድረግም ዋስትና አይሆንም። ጄኔሬተርም ከቤት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭስ ማውጫው ከበርና ከመስኮት ፊቱን አዙሮ መቀመጥ አለበት። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ከተገኘ በመኝታ ክፍል አካባቢ ይሰቀል፤ የእሳት አደጋ የጭስ ማስጠንቀቂያ ግን ይህን ጋዝ ስለማይለይ የእርሱን ቦታ አይተካም።

የቀሩት ቀላል ናቸው። ሲጋራ በቤት ውስጥ አይጨስ፤ በሌላ ክፍል ወይም በመስኮት አጠገብ ማጨስ ጭሱን ከቤት አያስወጣውም። ሻማ፣ ዕጣንና እየነደደ ትንኝ የሚያባርር መድኃኒት ሁሉም ደቃቅ ብናኝ ያወጣሉ፤ ለትንኝ አጎበር ይሻላል። ቆሻሻ በተለይም ፕላስቲክ በግቢ ውስጥ ማቃጠል መርዛማ ውህዶችን በገዛ እጅ ወደ ቤት መልቀቅ ነው። ወለልም በደረቁ ከመጥረግ ይልቅ በእርጥብ ጨርቅ ቢወለወል አቧራው ተመልሶ አይነሣም።

እርምጃ ሦስት፦ የአየር ጥራት ቁጥርን ማንበብ

በብዙ ከተሞች የአየር ጥራት በስልክ መተግበሪያ ወይም በድረ ገጽ ይታያል። በስፋት የሚጠቀሰው የአሜሪካ መለኪያ እስከ 50 ያለውን ጥሩ፣ ከ51 እስከ 100 ያለውን መካከለኛ፣ ከ101 እስከ 150 ያለውን በቀላሉ ለሚጎዱ ሰዎች ጎጂ፣ ከ151 እስከ 200 ያለውን ለሁሉም ጎጂ፣ ከ201 እስከ 300 ያለውን እጅግ ጎጂ፣ ከ300 በላይ ያለውን ደግሞ አደገኛ ይለዋል። ይሁን እንጂ አገሮች የየራሳቸው መለኪያ ስላላቸው የአንዱ 100 ከሌላው 100 ጋር እኩል አይደለም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ከመለኪያው ቁጥር ይልቅ በሜትር ኩብ ስንት ማይክሮ ግራም ፒኤም 2.5 እንዳለ ማየት የተሻለ ነው፤ እርሱ በየትም ቦታ አንድ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ ከ5፣ የ24 ሰዓቱ ደግሞ ከ15 ማይክሮ ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል።

አነስተኛ የቤት መለኪያዎች ብናኝን የሚቆጥሩት በብርሃን መበታተን በመሆኑ በጭጋግና በከፍተኛ እርጥበት ጊዜ ከእውነቱ በላይ ሊያሳዩ ይችላሉ። ቢሆንም «ትናንት ምሽት ስናበስል ስንት ነበር፤ ዛሬ መስኮት ከፍተን ስንት ሆነ» ለሚለው ንጽጽር በቂ ናቸው።

መለኪያ በሌለበት አካባቢ የአየሩን ጠባይ ማወቅ ይረዳል። እንደ ልማዱ ከመሬት ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይቀዘቅዛል፤ ከታች የሞቀው አየር ወደ ላይ ሲወጣም ብክለቱን ይዞ ይሄዳል። ሰማዩ በጠራበትና ነፋስ በሌለበት ሌሊት ግን መሬት ፈጥና ስለምትቀዘቅዝ ቀዝቃዛው አየር ከሥር፣ ሞቃቱ ከላይ ይሆንና የላይኛው እንደ ድስት ክዳን የታችኛውን አፍኖ ይይዘዋል። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1952 ለንደንን ለአምስት ቀናት የሸፈነው ገዳይ ጭስ የተከማቸው እንዲህ ባለ ክዳን ሥር ነበር፤ በወቅቱ 4,000 ያህል ሰዎች እንደሞቱ ተገምቶ ነበር፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ቁጥሩን እስከ 12,000 አድርሰውታል። በቀዝቃዛ ማለዳ ጭስ ወደ ላይ ሳይወጣ በጣሪያ ቁመት ተዘርግቶ ካዩት፣ ይኸው ክዳን በራስዎ ሰፈር ላይ እንዳለ ይወቁ።

እርምጃ አራት፦ መስኮቱን በሰዓቱ መክፈትና መዝጋት

ከላይ ከተባለው የሚከተለው ግልጽ ነው። ነፋስ በሌለበት ቀዝቃዛ ማለዳ፣ በተለይም ተሽከርካሪ በሚበዛበት ሰዓት፣ ወደ መንገድ የሚያዩ መስኮቶች ይዘጉ፤ ፀሐይ ወጥታ መሬቱን ካሞቀችና አየሩ መነቃነቅ ከጀመረ በኋላ ይከፈቱ። በበጋ ሞቃት ቀናት በአንጻሩ ኦዞን ከቀትር በኋላ ስለሚበረታ ማለዳው ይመረጣል። ሁለቱ ምክሮች የሚጋጩ ቢመስሉም አይጋጩም፤ የመጀመሪያው ስለ ብናኝና ስለ ቀዝቃዛ ወራት፣ ሁለተኛው ስለ ኦዞንና ስለ ሞቃት ወራት ነው። በቤት ውስጥ እሳት ካለ ግን መስኮት መዝጋት የሚለው ምክር አይሠራም፤ ከሁለቱ አደጋ የቤቱ ይበልጣል።

እርምጃ አምስት፦ የአየር ማጣሪያ መምረጥ

ማጣሪያ መሣሪያ የሚጠቅመው የቤቱ ጭስ ከጠፋ በኋላ፣ ከውጭ የሚገባውን ለመያዝ ነው። «ሄፓ» የሚባለው ማጣሪያ 0.3 ማይክሮ ሜትር ከሚሆኑ ቅንጣቶች 99.97 በመቶውን ይይዛል። ሻጩ ስለ ማጣሪያው ጥራት ሲናገር መጠየቅ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፤ መሣሪያው በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ንጹሕ አየር ይሰጣል? ስሌቱ አስቸጋሪ አይደለም። ርዝመቱ 5፣ ስፋቱ 4፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ክፍል 50 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል፤ ይህ አየር በሰዓት አምስት ጊዜ እንዲጣራ 250 ሜትር ኩብ የሚሰጥ መሣሪያ ያስፈልጋል። አምራቾች ይህን ቁጥር የሚናገሩት ማራገቢያው በከፍተኛ ፍጥነት ሲሠራ ስለሆነና በዚያ ፍጥነት ድምፁ እንቅልፍ ስለሚነሳ፣ ከስሌቱ ከፍ ያለውን ገዝቶ በመካከለኛ ፍጥነት ማሠራት ይመረጣል። አንድ መሣሪያ ብቻ ካለ በመኝታ ክፍል ይቀመጥ፤ ከቀኑ ሢሶውን የምናሳልፈው እዚያ ነው።

መግዛት ለማይችል ሰው አራት ጥሩ የአየር ማጣሪያ ጠፍጣፋዎችን በሳጥን ቅርጽ አጣብቆ፣ ከላይ ማራገቢያ አስቀምጦ መጠቀም የታወቀ ዘዴ ነው፤ መልኩ ባያምርም ሥራውን ይሠራል። በአንጻሩ «ኦዞን እያመነጨ አየር ያጸዳል» ተብሎ የሚሸጥ መሣሪያ መግዛት አይገባም፤ ኦዞን ራሱ ሳንባን የሚያቃጥል በካይ ጋዝ ነው። በማሰሮ የተተከሉ ተክሎችም ለዓይን ደስ ይላሉ፣ አየርን በሚታይ መጠን ለማጣራት ግን ክፍሉን ጫካ ማድረግ ያስፈልጋል።

እርምጃ ስድስት፦ ጉዞንና ስፖርትን ማስተካከል

ከተሽከርካሪ የሚወጣው ብክለት ከመንገዱ በራቁ መጠን በፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከአውራ ጎዳናው አንድ ረድፍ ወደ ውስጥ ባለ ጎዳና መሄድ ጥቂት ደቂቃ ቢያስረዝምም ያዋጣል። ተሽከርካሪዎች ቆመው በሚነሡበት መስቀለኛ መንገድ ላይ ከዳር ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ይጠብቁ። የሕፃን ጋሪ ቁመቱ ከመኪና ጭስ ማውጫ ጋር ስለሚስተካከል፣ በትራፊክ መካከል ሕፃኑን ማቀፍ ይሻላል። በመኪና ውስጥ ሲሆኑ መስኮቱን ዘግተው የውስጡን አየር የሚያዘዋውረውን ቁልፍ ይጫኑ፤ የሚተነፍሱት አየር እየታፈነ ድካምና እንቅልፍ እንዳያመጣ ግን መንገዱ ሲጠራ በየ15 ደቂቃው የውጭ አየር ያስገቡ።

ስፖርትን መተው አይመከርም፣ ጥቅሙ ብዙ ነውና። በዕረፍት ላይ ያለ አዋቂ በደቂቃ ከ6 እስከ 8 ሊትር ገደማ አየር ሲተነፍስ፣ በኃይል የሚሮጥ ሰው የዚያን አሥር እጥፍ ሊተነፍስ ይችላል፤ ያውም በአፉ። በመሆኑም የሩጫው ቦታና ሰዓት ከርዝመቱ ይልቅ ያሳስባል። አየሩ «ለሁሉም ጎጂ» በተባለበት ቀን እንቅስቃሴውን በቤት ውስጥ ማድረግ ወይም ወደ ቀላል እርምጃ መለወጥ ይገባል።

እርምጃ ሰባት፦ ጭንብልን በአግባቡ መልበስ

ከብናኝ የሚከላከሉት «ኤን 95»፣ «ኬኤን 95» ወይም «ኤፍኤፍፒ 2» የሚል ደረጃ ያላቸው ጭንብሎች ናቸው። ኤን 95 ለመያዝ ከሚያስቸግሩ ጥቃቅን ቅንጣቶች ቢያንስ 95 በመቶውን ያስቀራል፤ ይህ የሚሆነው ግን ፊት ላይ ሲገጥም ብቻ ነው። ለብሰው በሁለት እጅዎ ሸፍነው በኃይል ይተንፍሱ፤ አየር በአፍንጫ ጎን ወይም በጉንጭ ካመለጠ እንደገና ያስተካክሉት። ጢም መግጠሙን ያበላሻል። የጨርቅ ጭንብልና ሻርፕ ትልቅ አቧራ ቢያስቀሩም ደቃቁን ብናኝ በአመዛኙ ያሳልፋሉ፤ ጨርቁን በውሃ ማርጠብም ይህን አይለውጥም። ጭንብሉ ሲቆሽሽ፣ ቅርጹ ሲላላ ወይም ለመተንፈስ ሲከብድ ይለወጣል፤ አጥቦ መልሶ መልበስ ማጣሪያውን ያበላሻል። ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ጭንብል አይደረግም፤ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

እርምጃ ስምንት፦ በቀላሉ የሚጎዱትን መጠበቅ

ሕፃናት፣ ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያን፣ እንዲሁም አስም፣ የሳንባ ወይም የልብ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሌላው በማይሰማው መጠን ሊጎዱ ይችላሉ። በእርግዝና ወቅት ለተበከለ አየር መጋለጥ ከጽንሱ ክብደት ማነስና ያለ ጊዜው ከመወለድ ጋር ይያያዛል። የአስም ሕመምተኛ ብክለት በሚበዛበት ወቅት የመከላከያ መድኃኒቱን ሳያቋርጥ መውሰድና ፈጥኖ የሚያስታግሰውን ስፕሬይ ከእጁ ሳይለይ መያዝ ይኖርበታል። ሳንባን ያጥባሉ የሚባሉ መጠጦች ግን መድኃኒት አይደሉም፤ የሚጠጣ ነገር የሚወርደው ወደ ጨጓራ ነውና።

የደረት ሕመም፣ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የሚከለክል የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆር፣ ድንገተኛ የፊት ወይም የእጅ መዛል፣ ከጭስ በኋላ የሚመጣ መደናገር ወይም ራስን መሳት ከታየ ሳይዘገዩ ወደ ድንገተኛ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል። በካርቦን ሞኖክሳይድ የተጠረጠረን ሰው ከሁሉ በፊት ወደ ንጹሕ አየር ያውጡት፤ ለማውጣት የሚገባውም ሰው በር ከፍቶና ትንፋሹን ይዞ በፍጥነት ይውጣ እንጂ ምክንያቱን ለመፈለግ በውስጥ አይቆይ። ሳሉ ሳምንታት ያስቆጠረ ሰው ደግሞ ለሐኪሙ ሲጋራ ማጨሱን ብቻ ሳይሆን በምን ነዳጅ እንደሚያበስል፣ በቀን ስንት ሰዓት እሳት አጠገብ እንደሚቆይና ሥራው ምን እንደሆነ ይንገር፤ በእርምጃ አንድ የተጻፈችውን ወረቀትም ይዞ ይሂድ።